ጥንቸሏ ከመምጣቷ በፊት ወለሉን አዘጋጁ

ልጆች «እንስሳ ግዙልን» ሲሉ የወላጅ መልስ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሰነው በቤቱ ስፋት ነው። ውሻ ግቢ ይፈልጋል። ድመት በአራተኛ ፎቅ በረንዳ ጠርዝ ላይ ስትሄድ ማየት ልብ ያቆማል። ጥንቸል ግን አትጮኽም፣ ጎረቤት አትረብሽም፣ ጥግ ይዛ ትቀመጣለች። ስለዚህ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለሚኖር ቤተሰብ ከሁሉም ቀላሏ ትመስላለች። ጥንቸል የሚያስገባ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው ምን እንደምትበላና የት እንደምትተኛ ነው። ምን ላይ እንደምትቆም የሚጠይቅ እምብዛም አላጋጠመኝም። ዛሬ ልጽፍ የተነሣሁት ስለዚሁ ስለ ወለሉ ነው። የጥንቸሏን ጤናም ሆነ የቤተሰቡን ሰላም ከምንም በላይ የሚወስነው እሱ ሆኖ ስላገኘሁት ነው።

እኛ ቤት ሁለት ሴት ጥንቸሎች አሉ። ነጯ ጥጥዬ፣ ዳለቻዋ ደግሞ ገብስማ ትባላለች። ወደ ውጭ አገር የሄዱ ጎረቤቶቻችን ለልጆቼ ሰጥተዋቸው ከሄዱ ሁለት ዓመት አልፏል። ሲመጡ ወለሉ ጭምር ሽቦ በሆነ ጎጆ ውስጥ ነበሩ። በሁለተኛው ቀን ትልቋ ልጄ ጥጥዬን አቅፋ ስታያት የኋላ እግሮቿ ተረከዝ ላይ ፀጉሩ አልቆ፣ ቆዳው ቀልቶ አገኘችውና ጠራችኝ። የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰድናት። ሐኪሙ መድኃኒቱን ጽፎ ሲያበቃ «ዋናው መድኃኒት ወለሉ ነው፤ እሱን ካልቀየራችሁ ቅባቱ ብቻውን አያድናትም» አለን።

በቤታችን ሌላም ጉዳይ ነበር። ትንሹ ልጄ አስም አለበት። የእሱ ሐኪም እንስሳቱን ወዲያው አውጡ አላለንም። ነገር ግን የሽንት ሽታ፣ የድርቆሽ አቧራና የበረኪና ትነት ለእንዲህ ዓይነት ልጅ ደግ እንዳልሆነ፣ ሕመሙ ከባሰበትም ጥንቸሎቹ ሌላ ቤት እንዲፈለግላቸው ነገረን። ስለዚህ የጥጥዬ እግርም የልጄ ትንፋሽም የሚወሰነው በአንድ ወለል ሆነ።

አብራን የምትኖረው እናቴ በበኩሏ «አትታለብ፣ አትታረድ፣ እንቁላል አትጥል፤ ደግሞ ወለል ይመረጥላት?» ብላ ስቃብናለች። ኋላ ግን ከማናችንም በላይ የረዳችን እሷ ናት።

እግሯ ለምን ይቆስላል?

ለማዳዋ ጥንቸል የመጣችው ከአውሮፓ የዱር ጥንቸል ነው። የዚያች ጥንቸል ጥንተ መኖሪያ ስፔንና ፖርቱጋል ያሉበት ምድር ሲሆን ኑሮዋም ሳር መሬት ላይና ራሷ በቆፈረችው ጉድጓድ ውስጥ ነው። እግሯም የተሠራው ለዚያው ለስላሳ አፈር ነው። ውሻና ድመት ከመዳፋቸው ሥር እንደ ትራስ የሚያገለግል ወፍራም ቆዳ አላቸው፤ ጥንቸል ግን የላትም። ያላት ፀጉር ብቻ ነው። ስትቀመጥ ደግሞ ክብደቷ የሚያርፈው በኋላ እግሯ ተረከዝ ላይ ነው።

ሽቦ ላይ ስትቆም ያ ሁሉ ክብደት በቀጭን መስመር ላይ ያርፋል። ባዶ ሲሚንቶ ላይ ስትቆምም ድንጋይ ላይ እንደ መቀመጥ ነው። በመጀመሪያ ፀጉሩ ያልቃል፣ ቀጥሎ ቆዳው ይቀላል፣ ከዚያ ይቆስላል። ቁስሉ ሲቆይ አጥንት ድረስ ሊዘልቅ ይችላል። ክብደቷ የበዛ፣ ጥፍሯ ያልተቆረጠ ወይም እርጥብ ላይ የምትውል ጥንቸል ደግሞ ቶሎ ትጎዳለች።

እናቴ ይህን ስትሰማ «ታዲያ እኛስ ጥጃ የምናስርበትን ለምን በየቀኑ እንጠርግ ነበር? እግር የሚያበላሸው እርጥብ ነው እኮ» አለች። በገጠር ያደገ ሰው ያውቀዋል፤ እርጥብ ላይ የሚውል ከብት ሰኮናው ይበላሻል። የጥንቸሏም ነገር ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ሁለተኛው አደጋ መንሸራተት ነው። ሴራሚክ ላይ የጥንቸል ፀጉራም እግር አይጨብጥም። የጥንቸል አጥንት ቀላል ነው፤ ከሰውነቷ ክብደት 8 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የኋላ እግሮቿ ጡንቻ ግን እጅግ ብርቱ ነው። ደንግጣ ስትፈናጠርና እግሯ ሲከዳት የራሷ ጉልበት ወገቧን ሊሰብራት ይችላል።

ሦስቱ መመዘኛዎች

ከሐኪሙ ምክር፣ ከእናቴ ልምድና ከሁለት ዓመት እጥበት በኋላ ማንኛውንም ወለል የምመዝነው በሦስት ነገር ነው፦ በእግር፣ በጥርስና በባልዲ።

እግር ማለት፦ ለስላሳ ነው ወይ? አይንሸራተትም ወይ? ደረቅ ሆኖ ይቆያል ወይ?

ጥርስ ማለት፦ ብትበላው ምን ይሆናል? የጥንቸል የፊት ጥርስ ዕድሜ ልኳን ያድጋል፤ በሳምንት 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ታኝካለች፤ ክፋት ሳይሆን ተፈጥሮዋ ነው። ችግሩ ጥንቸል ማስታወክ አትችልም። የዋጠችው ስፖንጅ፣ ላስቲክ ወይም ረጅም ክር አንጀቷን ሊዘጋው ይችላል። ጥንቸል ለግማሽ ቀን ምግብ ካልነካች ወይም በጠጥ ካልጣለች «ነገ ይሻላት ይሆናል» ተብሎ አይታደርም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ያሻታል።

ባልዲ ማለት፦ በአንድ ባልዲ ውሃ ይጸዳል ወይ? በአንድ ቀንስ ይደርቃል ወይ? ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር «ይታጠባል» የሚለው ቃል ብቻውን ትርጉም የለውም። ለመታጠብ ሦስት ባልዲ፣ ለመድረቅ አራት ቀን የሚፈልግ ምንጣፍ ለእኛ የማይታጠብ ምንጣፍ ነው።

በየቤቱ ያለውን ስንመዝነው

ሴራሚክ በባልዲ መመዘኛ አንደኛ ነው፤ በእግር ግን ይወድቃል። ያዳልጣል፣ ይቀዘቅዛልም። ሊሾም ደረቅ ነው፤ በዚያ ላይ ሽንት ይመጠዋል፣ ሽታውም አይለቅም። ሁለቱም ከሥር ቢሆኑ እንጂ ከላይ አይሆኑም።

ባለ ስፖንጅ የልጆች መጫወቻ ምንጣፍ ለእግር ይመቻል፤ በጥርስ ግን ይወድቃል። የሚገጣጠሙት ጠርዞቹ ለማኘክ የተሠሩ ይመስላሉ። በመገጣጠሚያው ሥርም ሽንት ይገባል። ሰው ሰራሽ ሳርም እንደዚያው ነው፤ ላስቲኩ ይነጫል፣ ለተረከዝም ሻካራ ነው።

ጠጉራም የሳሎን ምንጣፍ ይለሰልሳል፤ ሽንት አንዴ ከገባበት ግን በኛ አቅም ወጥቶ አያልቅም።

ሰሌን ከዘንባባ ቅጠል ስለሚሠራ ብታኝከው ከላስቲክ የተሻለ ነው፤ አይንሸራተትምም። ነገር ግን እርጥበት ይዞ ይሻግታል። የሽንት ቦታ ሳይሆን የመጫወቻ ቦታ ይሁን፤ ሲበሰብስ ይጣላል።

ያረጀ ጋቢና ፎጣ ሽንት ይመጣሉ፣ ይታጠባሉ። ጋቢ ግን ክሩ ይመዘዛል፤ የጥንቸል ጥፍር ይይዛል፣ ጣቷ ላይም ይጠመጠማል። ከላይ ሳይሆን ከመካከል መነጠፍ አለበት።

ፍሊስ የሚባለውን ጨርቅ ብዙዎቻችን የምናውቀው ከብርድ ልብስና ከጃኬት ነው። ሲቆረጥ ጠርዙ ክር አይመዘዝም፣ ቶሎ ይደርቃል፣ እርጥበቱን ወደ ታች አሳልፎ እሱ ከላይ ደረቅ ይሆናል። ሰልባጅ ተራ ብዙ ጊዜ ይገኛል። እየቆረሰች የምትውጥ ጥንቸል ካለች ግን እሱም አይሆንም።

ሦስት ድርብ ወለል

እኛ የደረስንበት አንድ ነገር መምረጥ ላይ ሳይሆን ሦስቱን መደረብ ላይ ነው።

ከታች የሚነጠፈው አንድ ወጥ የፕላስቲክ ምንጣፍ ነው፤ በሜትር እየተቆረጠ የሚሸጠው። ከአጥሩ በየጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል አስተርፈን ጠርዙን ወደ ላይ አጥፈነዋል፤ ሽንት ወደ ሊሾው እንዳይፈስ ነው። ጠርዙ ከአጥሩ ውጭ በኩል መታጠፍ አለበት፤ ውስጥ ከሆነ ይበላል።

ከመካከል ያረጀ ፎጣና ታጥፎ ዙሪያው የተሰፋ የእናቴ አሮጌ ጋቢ አለ። ሥራው ሽንቱን መምጠጥና ተረከዙን ማለስለስ ነው። ከላይ ፍሊሱ ይነጠፋል፤ ጠርዙ በአጥሩ እግር ሥር ገብቶ ይያዛል።

ስፋቱስ? በብሪታንያ ያለው የጥንቸል ደኅንነት ማኅበር ለሁለት ጥንቸል 3 ሜትር በ2 ሜትር፣ ማለትም 6 ካሬ ሜትር ቦታ ይመክራል። የኮንዶሚኒየም ሳሎን ይህን ሁልጊዜ ላይችል ይችላል። እኛ ማታ ማታ የሚያድሩበትን አጠር አድርገን፣ ጠዋትና ከሰዓት በሩን ከፍተን ሳሎን ውስጥ እንለቃቸዋለን። በሚሮጡበት መንገድ ላይም እንዳይንሸራተቱ ያረጀ ብርድ ልብስ እንዘረጋለን።

ግማሹን ሥራ የሚሠራው ሳፋ

ወለል የማጠቡን ድካም በግማሽ የሚቀንሰው ከወለሉ ላይ ያለ ዕቃ ነው። ጥንቸል ሽንቷን የምትጥልበትን ጥግ ራሷ ትመርጣለች። እዚያው ጥግ ላይ ዝቅ ያለ ሳፋ አድርጉ፤ ከሥሩ የተቀዳደደ ካርቶን ወይም የቆየ ጋዜጣ፣ ከላዩ ድርቆሽ። ይህም እትም አንብባችሁ ስትጨርሱ ለዚሁ ይጠቅማል። ጥንቸል እየበላች መጸዳዳት ስለምትወድ ድርቆሹ ወደ ሳፋው ይስባታል።

ሰጋቱራ የምትጠቀሙ ከሆነ እንደ ጽድ ያለ ጠረኑ የሚከረፋ እንጨት አይሁን፤ አቧራ የሚበዛበትም አይሁን። ውሃ ሲነካው የሚጓጉለው የድመት አሸዋ ደግሞ ጨርሶ አይሆንም፤ ከዋጠችው ሆዷ ውስጥም ይጓጉላል።

በጠጡ ደረቅና ክብ ከሆነ አያሳስብም፤ በእጅ መጥረጊያ ይነሣል። ለስላሳ፣ እንደ ወይን ዘለላ የተያያዘ ካያችሁም አትደንግጡ። ጥንቸል ያንን መልሳ ትበላዋለች፤ ምግቧን የምታብላላበት ሁለተኛ ዙር ነው። በብዛት ወለል ላይ ተረስቶ ከቀረ ግን ከምግቧ ጋር የተያያዘ ችግር ሊኖር ይችላል።

አስተጣጠቡ

«ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» የሚባለው ለዚህ የተነገረ ይመስለኛል። ትኩስ ሽንት በጨርቅ ተመጥጦ በእርጥብ ጨርቅ ሲታበስ ያበቃል። ከቆየ ግን ተህዋስያን ያብላሉትና አሞኒያ ይሆናል፤ አፍንጫ የሚሰነጥቀው ሽታ እሱ ነው። ሽታው ለጥንቸሏም ለልጁም ሳንባ ጠላት ነው። ጥንቸሏ ከወለሉ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ እንደምትተነፍስ አስቡ፤ ለእኛ ትንሽ የሆነው ሽታ ለእሷ ብዙ ነው።

የደረቀው ሽንት ነጭ ቅርፊት ይሠራል። ጥንቸል ከምግቧ የተረፋትን ካልሲየም በሽንቷ ስለምታስወጣ ነው። ይህን ኖራ መሰል ነገር ሳሙና አያነሣውም፤ አቸቶ ግን ያሟሟዋል። ነጭ አቸቶና ውሃ እኩል ለእኩል ቀላቅሎ ማፍሰስ፣ 15 ደቂቃ መታገስ፣ ማሸትና በውሃ ማለቅለቅ ነው። ለፕላስቲክ ምንጣፍና ለሳፋ ይህ በቂ ነው። ሊሾና እብነ በረድ ላይ ግን አቸቶ አታፍስሱ፤ አሲዱ ይበላቸዋል።

ሽንቱ አንዳንዴ ብርቱካናማ ወይም ቀይ ሊሆን ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ ከምትበላው ተክል የሚመጣ ቀለም ነው። እያማጠች የምትሸና ከሆነ ወይም ደም ከመሰላችሁ ግን ሐኪም ይያት።

ጨርቆቹን በየሦስት በየአራት ቀኑ እናጥባለን። መጀመሪያ ልጁ በሌለበት ውጭ ይራገፋሉ፤ ፀጉሩ በእርጥብ የላስቲክ ጓንት ሲታሽ ተጠቅልሎ ይነሣል። ከዚያ አቸቶ ጠብ ባለበት ቀዝቃዛ ውሃ ግማሽ ሰዓት ይዘፈዘፋሉ፣ በሙቅ ውሃና በጥቂት የዱቄት ሳሙና ይታጠባሉ፣ ሁለት ጊዜ ይለቀለቃሉ። ሳሙና ሲበዛ ጨርቁ ውስጥ ይቀርና ተረከዟን ይቆጠቁጣታል። ልብስ ማለስለሻ ደግሞ ጨርቁን እየለበጠ ውሃ እንዳያሳልፍ ያደርገዋል፤ አትጠቀሙ። የመጨረሻው ለቅላቂ ውሃ አይደፋም፤ ፕላስቲኩ የሚታበስበት እሱ ነው።

አጥሩ ውስጥ ያለውን ደረቅ ድርቆሽ በመጥረጊያ አታቡንኑት። በእርጥብ ጨርቅ ይሰብሰብ። ጓንት አድርጉ፤ ሲያበቃም እጅ በሳሙና ይታጠብ።

በረኪናን በተመለከተ

ይህን ክፍል ሌላውን ባታነቡ እንኳ አንብቡልኝ። በረኪና በየቤታችን ከሳሙና እኩል የሚቆጠር ነገር ነው። አንድ ቀን ሊረዱን የመጡ አክስቴ የሸተተውን ሳፋ ሲያዩ ቀጥታ በረኪና ሊያፈሱበት ጠርሙሱን አንሥተው ነበር፤ ይዤ አስቀረኋቸው። «ምነው ልጄ፣ ንጽህና ጠላሽ?» አሉኝ። ምክንያቱን ስነግራቸው ግን ጠርሙሱን ራሳቸው ክዳኑን ገጥመው መለሱት።

ምክንያቱ ይህ ነው፦ በረኪና የቆየ ሽንት ውስጥ ካለው አሞኒያ ጋር ሲገናኝ ክሎራሚን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ከአቸቶ ጋር ሲቀላቀል ደግሞ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ነው። ሁለቱም ዓይንና ጉሮሮ ያቃጥላሉ፣ ሳንባ ይጎዳሉ። መስኮት በሌለው ጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ለጤነኛ ሰውም አደገኛ ነው፤ አስም ላለበት ልጅ ወይም ደረታቸውን ለሚያማቸው አያት ደግሞ የባሰ ነው።

ስለዚህ ደንቡ አጭር ነው። በረኪናና አቸቶ በአንድ ቀን፣ በአንድ ዕቃ ላይ አይገናኙም። በረኪና የግድ ካስፈለገ፣ ለምሳሌ አንዷ ታማ ከነበረ፣ ዕቃው መጀመሪያ በሳሙና ታጥቦ ሽንቱ ጨርሶ ይወገድ። ከዚያ በረኪናው ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ በውሃ ቀጥኖ፣ መስኮት ተከፍቶ፣ ልጆችም ጥንቸሎቹም በሌሉበት ይደረግ። 10 ደቂቃ ቆይቶ በብዙ ውሃ ይለቅለቅና ይድረቅ።

ክረምት ሲገባ

ከሰኔ እስከ መስከረም የአዲስ አበባ ፀሐይ አይታመንም። ስለዚህ የላይኛውና የመካከለኛው ጨርቅ በሦስት በሦስት ይዘጋጅ፦ አንዱ የተነጠፈ፣ አንዱ የተሰጣ፣ አንዱ የተቀመጠ። ያልደረቀ ጨርቅ «ሲነጠፍ ይደርቃል» ተብሎ አይነጠፍ።

ዝንብም ሌላው ጣጣ ነው። ዝንብ በሽንት የረጠበ ፀጉር ላይ እንቁላሏን ትጥላለች፤ በአንድ ቀን ውስጥ ትል ሊፈለፈል ይችላል። ይህ ጥንቸልን በፍጥነት የሚገድል ነገር ነው። ዝንብ በሚበዛበት ወቅት የጥንቸሏን መቀመጫ በየቀኑ ማየት ከወለሉ ጽዳት ጋር አብሮ የሚሄድ ሥራ ነው።

ማን ያጥባል?

በኛ ቤት ትልቋ ልጄ በየጠዋቱ ሳፋውን ትደፋለች፤ እሁድ እሁድ ደግሞ እግራቸውን ታያለች። ባለቤቴ ፕላስቲኩን ያነሣል፣ ይወለውላል። ማጠቡ የእኔ ነው። እናቴ ጨርቁ ሲሳሳ ትሰፋለች፣ ድርቆሹንም በእጇ እየዳሰሰች እርጥብ ያለበትን ትለያለች። ትንሹ ልጅ አቧራው እንዳይነካው ድርቆሽ አያነሣም፤ የእሱ ድርሻ ውሃ መቅዳት ነው።

የጥጥዬ ተረከዝ ላይ ፀጉር ማብቀል የጀመረው ወለሉ ከተቀየረ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነው። አንድ ትንሽ ቦታ ራሰ በራ ሆኖ ቀርቷል፤ ቁስል ግን የለም። ልጄም መንፊያው ከቦርሳው ባይለይም ጥንቸሎቹ ከመጡ ወዲህ አልባሰበትም። እያንዳንዱ ልጅ ግን የተለየ ነው፤ አስም ያለበት ልጅ ያላችሁ ወላጆች ከእንስሳው በፊት የልጁን ሐኪም አማክሩ።

ጥንቸል ከ8 እስከ 12 ዓመት ልትኖር ትችላለች። ዛሬ የስድስት ዓመት ልጅ የሚለምናት ጥንቸል እሱ ማትሪክ እስኪቀመጥ ቤት ውስጥ ትኖር ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ «ግዙልኝ» ሲባል ከዋጋዋ በፊት ይህን ጠይቁ፦ በዚህ ቤት በየሦስት ቀኑ ወለል የሚያጥብ ማን ነው? መልስ ካለ ጨርቁን ቁረጡ፣ ምንጣፉን ዘርጉ፣ ሳፋውን ጥግ አስይዙ፤ ጥንቸሏ ከዚያ በኋላ ትምጣ። መልስ ከሌለ ለልጁ እውነቱን ነግሮ ማስቀረት ይሻላል። የማይታጠብ ወለል ላይ እግሯ ከሚቆስል ባትመጣ ይሻላታል።